መጋቢ ማለት የሚያበላ ነው፦ ምስጋና፣ ዐደራ እና የሰላ ድንጋይ ታሪክ

(ረዘም ያለ ጽሑፍ ነው። ጊዜ ስታገኙ አረፍ ብላችሁ አንብቡት።)

ሰው አግኝተን «እንዴት ነህ?» ስንለው «እግዚአብሔር ይመስገን» ይለናል። ልብ ብላችሁት ከሆነ ይህ ለጥያቄው መልስ አይደለም። ደኅና ነኝ አላለም፤ ከፍቶኛልም አላለም። ልጁ ታሞበት ሊሆን ይችላል። የወሩ ደመወዝ በአሥራ አምስተኛው ቀን አልቆበት ሊሆን ይችላል። እሱ ግን መጀመሪያ ያመሰግናል፤ ችግሩን የሚነግረን፣ ከነገረንም፣ ከዚያ በኋላ ነው። እኔ ይህን ልማድ እወደዋለሁ። አንድ ሕዝብ የዕለት ሰላምታውን በምስጋና መጀመሩ ትንሽ ነገር አይደለም።

ዛሬ ግን ከዚህ ቀጥሎ ስላለው ጥያቄ መጻፍ ፈለግሁ። ምስጋናው ከአፍ ወርዶ እጅ ላይ ሲደርስ ምን ይሆናል? «ተመስገን» ያልንበትን እህል፣ መሬት፣ ገንዘብ፣ ሥልጣን ምን አደረግነው? ይህ የስብከት ጥያቄ ይመስላል። እኔ ሰባኪ አይደለሁም፤ ስለዚህ በታሪክ በኩል ልሂድበት። ታሪኩም ሩቅ አይደለም፤ ከደብረ ብርሃን ወዲያ፣ ሰሜን ሸዋ ደጋ ላይ ይጀምራል።

በመጀመሪያ ሁለት ቃላት

በኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን የቅዳሴው ዋና ክፍል «አኰቴተ ቁርባን» ይባላል። አኰቴት በግእዝ ምስጋና ነው፤ ቁርባን ደግሞ መባ፣ መሥዋዕት። ግሪኮችም ቁርባንን የሚጠሩበት ቃል ትርጉሙ ምስጋና ነው። ማለትም በጥንቱ የክርስትና አስተሳሰብ ማመስገንና መስጠት የተለያዩ ሁለት ሥራዎች አልነበሩም፤ ያመሰገነ ሰው ባዶ እጁን አይመጣም።

ሁለተኛው ቃል «መጋቢ» ነው። ዛሬ የማዕረግ ስም ሆኗል። በአንዱ ቤተ እምነት መጋቢ ሐዲስ አለ፤ በሌላው መጋቢ ማለት ፓስተር ነው። በገዳማት ደግሞ ከጥንት ጀምሮ መጋቢ የሚባለው የማኅበሩን እህልና ንብረት የሚይዘው መነኩሴ ነው። የቃሉ ሥር ግን ከማዕረግ በፊት ወጥ ቤት ነበር። መገበ ማለት አበላ ማለት ነው፤ «ምግብ» የምንለውም ከዚሁ የወጣ ነው። ሰባተኛው ወራችን መጋቢትም ስሙን ያገኘው ከዚሁ ሥር ነው። አማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ የሰው ንብረት ዐደራ የተሰጠውን ሰው «መጋቢ» ብሎ ሲተረጉም ሳያውቀው ትልቅ ነገር ነግሮናል። ዐደራ ያዥ የሚመዘነው ምን ያህል ሰበሰበ ተብሎ ሳይሆን ማንን አበላ ተብሎ ነው። በሉቃስ ወንጌል ጌታ ስለ ታማኙ መጋቢ በሰጠው ምሳሌም ፈተናው ይኸው ነው፤ ለቤተ ሰቡ ምግባቸውን በጊዜው ሰጥቷል ወይ?

እንግዲህ ይህን መለኪያ ይዘን ወደ ታሪካችን እንግባ።

የተማሪው ልዑልና የእናቱ ከተማ

ሰላ ድንጋይ ዛሬ የሞጃና ወደራ ወረዳ ከተማ ናት። ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ የተቀመጠች፣ ብርዷ አጥንት የሚገባ የገብስና የባቄላ አገር። ብዙ የአዲስ አበባ ሰው ስሟን የሚያውቀው ጻድቃኔ ማርያም ለመሳለም ሲሄድ ነው። አካባቢው ተጉለት ነው፤ ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ በ15ኛው ክፍለ ዘመን፣ የግብፁ ደብረ ምጥማቅ መፍረሱን ሰምተው በዚያው ስም ቤተ ክርስቲያን የተከሉበት ምድር።

በ1805 ዓ.ም. የሸዋው ገዥ ወሰን ሰገድ በሰው እጅ ተገደለ። የበኩር ልጁ በኩሬ በመርሐ ቤቴ ነበር፤ ወደ መንበሩ ለመድረስ ዘገየ። ታናሹ ሣህለ ሥላሴ ደግሞ ሰላ ድንጋይ በገዳም ትምህርት ላይ ነበር። መንዞች በእናቱ በወይዘሮ ዘነበወርቅ ወገን ናቸውና ከጎኑ ቆሙ ይባላል። ተማሪው መጽሐፉን አስቀምጦ ቁንዲ ላይ ሥልጣን ያዘ። ታላቅ ወንድሙ ጎንጮ በሚባለው የመሳፍንት እስር ቤት ገባ። ሣህለ ሥላሴ እስከ 1840 ዓ.ም. ድረስ፣ ሠላሳ አራት ዓመት ያህል ገዛ፤ ንጉሠ ሸዋም ተባለ። የዐፄ ምኒልክ አያት ማለት ነው።

ሰላ ድንጋይ ከዚያ በኋላ የእናትየው መቀመጫ ሆነች። ወይዘሮ ዘነበወርቅ ስሟ ብቻ ያለ ንግሥተ እናት አልነበረችም። የራሷ ሹማምንት፣ የራሷ ግብር፣ የራሷ ፍርድ ቤት የነበራት ገዥ ነበረች። ጀርመናዊው ሚሲዮናዊ ዮሐን ክራፕፍ በ1834 ዓ.ም. ከአንኮበር ተነሥቶ ወደ ሰሜን ሲጓዝ ሰላ ድንጋይ ላይ ደጅ ጠንቶ አግኝቷታል፤ ስለ እሷም ጽፏል። በዚያ ዘመን አንዲት ሴት በሸዋ የነበራት የአስተዳደር ሥልጣን ለአውሮፓዊው እንግዳ ጭምር የሚያስገርም ነበር።

ይህን ያነሣሁት የነገሥታት ወሬ ስለሚጣፍጥ አይደለም። የታሪኩ መነሻ ገዳም ነው፤ ቀለም ይቆጥር የነበረ ልጅ በአንድ ሌሊት የአገር ባለዐደራ ሆነ። ይህ ልጅ «ተመስገን» ሲል እንዴት ነው የሚለው? በዘመኑ ለዚህ የታወቀ መንገድ ነበረው። ንጉሥ ቤተ ክርስቲያን ይተክላል፣ ያለውን ያድሳል፣ ንዋየ ቅድሳት ይሰጣል፤ ከሁሉ በላይ ደግሞ ጉልት ይተክላል። ሣህለ ሥላሴም ይህን አድርጓል፤ አንኮበር ላይ የተከለው መድኃኔ ዓለም ስሙን ይዞ ቆይቷል።

ጉልት ሲተከል በተግባር ምን እንደሚሆን ግን እናስብ። ንጉሡ ለደብሩ የሚሰጠው ከኪሱ አውጥቶ አይደለም። የሚሰጠው ከገበሬው ምርት ለመንግሥት ይገባ የነበረውን ግብር ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ገበሬው ለንጉሥ ይከፍል የነበረውን ለደብሩ ይከፍላል። መሬቱን የሚያርሰው፣ ገብሱን የሚወቃው፣ ጭኖም የሚያደርሰው ያው ሰው ነው። ምስጋናው በንጉሡ ስም ተጻፈ፤ ድካሙ በገበሬው ትከሻ ቀረ።

ሲሶ ለማን?

«ሲሶ ለነጋሽ፣ ሲሶ ለቀዳሽ፣ ሲሶ ለአራሽ» የሚለውን አባባል ሁላችንም እናውቀዋለን። ብዙ ጊዜ እንደ መረጃ ይጠቀሳል፤ የአገሪቱ መሬት ሲሶው የቤተ ክርስቲያን ነበር ለማለት። አገሪቱን በገመድ ለክቶ ሲሶውን ያወጣ ሰው ግን አልነበረም፤ የታሪክ ሊቃውንትም በቁጥሩ ላይ ይከራከራሉ። አባባሉ ከቁጥርነቱ ይልቅ የሕሊና ሰነድነቱ ይበልጥብኛል። ሦስት ሰዎች አንድ እህል ላይ መብት እንዳላቸው ይናገራል። እህሉን ያበቀለው ደግሞ በሰልፉ መጨረሻ ላይ ነው የቆመው።

ለቀዳሹም እንፍረድ። የሰሞን መሬት የያዘው ካህንና ደብተራ ሥራ ነበረው። ሰዓታት ይቆማል፣ ማኅሌት ይቆማል፣ ሕፃናት ያስተምራል፣ ሙት ይቀብራል። የአገሪቱ ፊደል፣ ዜማ፣ ቅኔ፣ የብራና መጽሐፍ ሁሉ የተጠበቀው በዚያ እህል ነው። ዛሬ በዩኔስኮ መዝገብ ላይ ስናያቸው የምንኮራባቸውን ቅርሶች ያቆየልን ስሙ ያልተጻፈ ገባር ነው። ስለዚህ ጉልት ዘረፋ ብቻ ነበር የሚል ታሪክ ልክ አይሆንም። ጉልት ቅድስና ብቻ ነበር የሚለውም እንዲሁ። ጉልት ዐደራ ነበር፤ ዐደራ ደግሞ በያዡ ይወሰናል።

በዚህ ላይ ብዙ ጊዜ የማይነሣ ነገር አለ። «ዐሥራት» በመጽሐፍ ቅዱስ የእግዚአብሔር ድርሻ ነው፤ ሌዋዊው፣ መጻተኛው፣ ድሀ አደጉና መበለቲቱ የሚበሉት። በእኛ አገር ግን ዐሥራት የሚለው ቃል ለብዙ ዐሥርት ዓመታት የመንግሥት ግብር ስም ነበር። እንዴት?

ክፉ ቀን

በ1880 ዓ.ም. ገደማ በምጽዋ በኩል የገባ የከብት በሽታ የኢትዮጵያን በሬ ጨረሰ። ጣልያኖች ለጦራቸው ካስመጧቸው ከብቶች ጋር እንደገባ ይታመናል። በሬ ሲያልቅ እርሻ ቆመ፤ በዚያ ላይ ድርቅና አንበጣ ተጨመረ። እስከ 1884 ዓ.ም. የዘለቀው ይህ ዘመን በሕዝብ አፍ «ክፉ ቀን» ተብሎ ቀረ። ሌላ ስም አላስፈለገውም።

ምኒልክ በዚያን ጊዜ ያደረጉት በታሪክ ተጽፏል። ጎተራ አስከፈቱ። በሬ በሌለበት ሰው በእጁ እንዲቆፍር አዘዙ፤ ትእዛዝ ብቻ እንዳይሆን ራሳቸው ዶማ ይዘው ቆፈሩ። መኳንንቱም ወደዱም ጠሉም ተከተሉ። ንጉሥ ዶማ ሲይዝ ማየት በዚያ ዘመን ምን ማለት እንደነበር አስቡት። የእጅ ሥራ በሚናቅበት፣ አንጥረኛው ቡዳ በሚባልበት አገር! ሁለት ሦስት ቀን በመቆፈር ረሃብ አይጠፋም፤ ያ ዶማ ግን ባለዐደራው ከሚጠብቃቸው ሰዎች ጋር አንድ አፈር ላይ እንደቆመ ያሳየ ነበር።

ጎተራ የመክፈቱ ልማድ ከምኒልክ በፊትም ነበር። በአያታቸው በሣህለ ሥላሴ ዘመን አንኮበርና ሌሎች የሸዋ ከተሞች ትላልቅ የንጉሥ ጎተራዎች ነበሯቸው፤ ክፉ ዘመን ሲመጣም ይከፈቱ እንደነበር የዘመኑ እንግዶች ጽፈዋል። በዚህ ስንደሰት ግን የዮሴፍን ታሪክ እስከ መጨረሻው እናንብብ። ዮሴፍ በሰባቱ የጥጋብ ዓመታት አከማችቶ በሰባቱ የረሃብ ዓመታት ግብፅን አዳነ፤ ይህን ሁሉም ይሰብከዋል። ጥቂት ምዕራፍ ወረድ ሲሉ ግን ሕዝቡ መጀመሪያ ብሩን፣ ቀጥሎ ከብቱን፣ በመጨረሻም መሬቱንና ራሱን ለፈርዖን ሸጦ እንደበላ ይነበባል። የሞላ ጎተራ ነፍስ ያድናል፤ ሰውንም ባሪያ ያደርጋል። ልዩነቱ ቁልፉን የያዘው ሰው እህሉን የማን ነው ብሎ ያስባል የሚለው ነው።

ከክፉ ቀን በኋላ ምኒልክ የዐሥራት ሥርዓት አወጡ። ምክንያቱ ወታደሩ ነበር። እስከዚያ ድረስ ጦሩ የሚኖረው ገበሬው ላይ እየተሠራ፣ ከቤቱ እየበላ ነበር፤ በረሃብ ዘመን ደግሞ ይህ ከቅሚያ አይለይም። አዲሱ ሥርዓት ገበሬው ከምርቱ አንድ ዐሥረኛውን ለመንግሥት ጎተራ እንዲያስገባ፣ ወታደሩም ከዚያ እንዲቀለብ ነበር። ሐሳቡ ለገበሬው የመጣ እፎይታ ነበር። ውሎ አድሮ ግን ሌላው ግብር ሳይቀር ዐሥራት ተጨመረበት፤ ገማች መጣ፣ ገማቹም መብላት ጀመረ። ዐሥራት ተነሥቶ በእርሻ ገቢ ግብር የተተካው በ1960 ዓ.ም. ነው። ያኔም የጎጃም ገበሬ ለአዲሱ ግብር እምቢ ብሎ ተነሣ። ዐሥራትን ወዶ አልነበረም፤ የሚለካውን ሰው ስላላመነ ነው። የእግዚአብሔርን ድርሻ ስም የያዘ ግብር ሰባ አምስት ዓመት ያህል ከተሰበሰበ በኋላ ገበሬው ዘንድ የቀረው ጥርጣሬ ነበር።

ሁለት ድግሶች

ዐደራ መብላት በአማርኛ ከባድ ቃል ነው። «ዐደራ በላ» ከሌባም ይብሳል። በ20ኛው ክፍለ ዘመን ሁለት መንግሥታት ይህ ስም እንዴት እንደወጣላቸው ትልልቆቻችን ያስታውሳሉ።

ሐምሌ 1964 ዓ.ም. የዐፄ ኃይለ ሥላሴ 80ኛ ዓመት የልደት በዓል በታላቅ ድምቀት ተከበረ። በቀጣዩ ዓመት ወሎ ላይ ሰው በረሃብ እየረገፈ ነበር፤ መንግሥት ግን ወሬው እንዳይወጣ ያደርግ ነበር። እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ የቀረጸው ፊልም ዓለምን አስደነገጠ። ደርግ ያንኑ ፊልም ከቤተ መንግሥት ድግስ ጋር አፈራርቆ መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ምሽት በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን አሳየ፤ በማግስቱ ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋን ወረዱ።

ዐሥር ዓመት አለፈ። መስከረም 1977 ዓ.ም. ደርግ በተራው የአብዮቱን ዐሥረኛ ዓመት በሰልፍና በሐውልት፣ ከተማዋን በቀይ ባንዲራ አሸብርቆ አከበረ። በዚያው ሰሞን ትግራይ፣ ወሎና ሰሜን ሸዋ እየተራቡ ነበር። የፊተኛውን በድግሱ የከሰሰ የራሱን ድግስ ደገሰ።

አንዱ በእግዚአብሔር የተቀባ ነኝ ይል ነበር፤ ሌላው እግዚአብሔር የለም ይል ነበር። በመጋቢነት ፈተና ላይ ግን ሁለቱም በአንድ ጥያቄ ወደቁ። ቤተ ሰቡ ምግቡን በጊዜው አገኘ ወይ?

መሬቱ ሲሄድ

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 31 የገጠርን መሬት ሁሉ የሕዝብ አደረገው። ከዘመነ መሳፍንት በፊት ጀምሮ የነበረ ጉልት፣ ሰሞን፣ ርስት በአንድ ቀን አበቃ። ለገበሬው ታላቅ ቀን ነበር። ለቤተ ክርስቲያን ደግሞ ሌላ ፈተና መጣ፦ ከእንግዲህ ካህኑ ምን ይብላ?

መልሱ ከአዋጁ ሁለት ዓመት ያህል ቀድሞ ተዘጋጅቶ ነበር ማለት ይቻላል። በአቡነ ቴዎፍሎስ ዘመነ ፕትርክና፣ በ1965 ዓ.ም. የወጣው ቃለ ዓዋዲ እያንዳንዱ አጥቢያ ከካህናት፣ ከምእመናንና ከሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች የተውጣጣ ሰበካ ጉባኤ እንዲኖረው፣ ምእመኑም ተመዝግቦ ዓመታዊ አስተዋፅኦ እንዲከፍል አዘዘ። ፓትርያርኩ ራሳቸው በ1968 ዓ.ም. በደርግ ከመንበራቸው ተነሥተው ታሰሩ፤ በ1971 ዓ.ም. ተገደሉ። የዘረጉት ሥርዓት ግን ቤተ ክርስቲያኗን ያንን ዘመን አሻገራት።

ይህ ለውጥ ምን ያህል ትልቅ እንደሆነ የምንረሳው ይመስለኛል። እስከ 1967 ድረስ የቤተ ክርስቲያን መጋቢ ንጉሥና መኳንንት ነበሩ። ከዚያ በኋላ መጋቢዋ እንጀራ ጋግራ የምትሸጥ እናት፣ ታክሲ የሚነዳ ልጅ፣ ጡረታ የወጣ አስተማሪ ሆኑ። በሙዳየ ምጽዋት የሚገባው ሳንቲም ከእንግዲህ የንጉሥ ስጦታ አይደለም፤ በስሙ የተሰጠለት ገባርም የለም። ሰጪውና አመስጋኙ በታሪካችን ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ ሰው ሆኑ። አኰቴተ ቁርባን የሚለው ቃል በትክክል የገጠመው ያኔ ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

የጓሳው ሣር

ዐደራ ስንል ሐሳባችን ወደ ገንዘብ ብቻ ይሮጣል። ከሰላ ድንጋይ ወደ ሰሜን፣ መንዝ ላይ፣ ገንዘብ ያልሆነ ዐደራ የጠበቁ ሰዎች አሉ።

ጓሳ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሰፋ፣ ከ3,200 ሜትር በላይ ያለ የውርጭ ምድር ነው። ስሙን ያገኘው ለቤት ክዳን፣ ለገመድ፣ ለከብት መኖ ከሚሆነው ሣር ነው። ቀይ ቀበሮና ጭላዳ ይኖሩበታል፤ ብዙ ወንዞችም ከዚያ ይነሣሉ። በአባቶች ትውፊት መሠረት አስቦና ጌራ የተባሉት የመንዝ ቀደምት አባቶች ይህን መሬት ለግጦሽና ለሣር ብለው ከለሉት፤ ከዚያ ወዲህ አራት መቶ ዓመት ያህል ባለ መብቶቹ በጋራ ጠበቁት። ሣሩ በአንድ ጊዜ ለሦስትና ለአምስት ዓመት ይዘጋ ነበር። በመረጧቸው አለቆች እየተመሩ ተራ ገብተው ይጠብቁታል። የመዝጊያው ጊዜ ከሐዋርያት ጾም ፍች ጋር የተያያዘ ነበር፤ ሕጉ በደብሩ ፊት የቆመ ነውና አጥፊው ከጎረቤቱም ከታቦቱም ይጣላል። በተዘጋ ጊዜ ሣር አጭዶ ቤቱን የከደነ ሰው ቤቱ ይቃጠልበት እንደነበርም ይነገራል።

የ1967ቱ አዋጅ ይህንንም ሥርዓት አፈረሰው። መሬቱ የሁሉም ሲባል የማንም ሆነ፤ ሣሩም ተጎዳ። በኋላ ግን የአካባቢው ሰው የቆየውን ዕውቀት አንሥቶ የራሱን መተዳደሪያ ደንብ አወጣ፣ ኮሚቴ መረጠ፤ ክልሉም በሕግ አወቀለት። ዛሬ ጓሳ በኅብረተሰብ የሚጠበቅ ቦታ ተብሎ ከአገር ውጭ ጭምር ይጠቀሳል።

ከዚህ የምማረው ነገር አለ። የጓሳ አባቶች ለእግዚአብሔር ያላቸውን ምስጋና በሕንፃ አልጻፉትም። የጻፉት ባለማጨድ ነው። ለልጅ ልጅ ተብሎ ሳይታጨድ የቆየ ሣር ከተሰጠ ጉልት የማያንስ መባ ነው። በሰሜን ኢትዮጵያ በየደብሩ ዙሪያ የቀሩት የጽድ፣ የወይራና የኮሶ ደኖችም እንዲሁ። አገሩ ሁሉ በተራቆተበት ዘመን ዛፉ የቆመው ጥግ ላይ ያለው ባለ ቅጥር ቦታ ነው፤ «የታቦት ነው» ተብሎ ማንም ስላልነካው።

እኛስ?

አሁን ወደ ዛሬ እንምጣ። ያለንበት ዘመን የመስጠት ዘመን ነው። በቴሌግራም፣ በቲክቶክ፣ በባንክ ሒሳብ ቁጥር በአንድ ሌሊት ሚሊዮኖች ይሰበሰባሉ። ሕንፃ ቤተ ክርስቲያን ይሠራል፤ አዳራሽ ይከራያል፤ በሁሉም ቤተ እምነት «ዐሥራት አውጡ፣ ተባረኩ» የሚል ድምፅ ይሰማል። በአንዳንዱ መድረክ ደግሞ መስጠት ከምስጋና ወጥቶ ወለድ እንደሚያስገኝ ቁጠባ ይሰበካል፤ ዐሥር ስጥ፣ መቶ ይመለስልሃል። ይህ ምስጋና አይደለም፤ ምስጋና ለተቀበሉት ነው፣ ይህ ግን ገና ላልመጣው የሚከፈል ቀብድ ነው።

የሰጪው ወገን እንዲህ ከበዛ፣ የያዡስ? ፓትርያርክ አቡነ ማትያስ በ2005 ዓ.ም. ከተሾሙ ጀምሮ በቤተ ክህነት ውስጥ ስላለው ሙስናና የአስተዳደር ብልሹነት በአደባባይ ደጋግመው ተናግረዋል። ርእሱን ያነሣሁት ቤተ ክርስቲያንን ለመንቀፍ አለመሆኑን ከዚህ ተረዱልኝ፤ ቤቱ ራሱ ያነሣው ነው። ሌሎቹም አብያተ ክርስቲያናት ከዚህ ሙግት ነፃ አይደሉም፤ በመሪዎች መኪናና በአዳራሽ ሽያጭ ሰበብ ፍርድ ቤት የደረሱ ጉባኤዎች ጥቂት አይደሉም።

እኛ ምእመናኑስ? ስለት አስገብተን እንወጣለን። «እኔ ለእግዚአብሔር ሰጥቻለሁ፤ የበላው ይጠየቅበት» እንላለን። ይህ አባባል መንፈሳዊ ይመስላል። ሲመረመር ግን የድሮው ንጉሥ ምስጋና ነው፤ ስሜ ይጻፍ እንጂ እህሉ የት እንደሚደርስ አያገባኝም ማለት ነው። ቃለ ዓዋዲ ለምእመኑ የሰጠው የመክፈል ግዴታን ብቻ አይደለም፤ ተመራጭ ሆኖ የመቁጠር፣ ሒሳብ የመስማት፣ የመጠየቅ ቦታም ሰጥቶታል። በአጥቢያችሁ የመጨረሻው የሰበካ ጉባኤ ምርጫ መቼ እንደነበር ስንቶቻችን እናውቃለን? የዓመቱ የሒሳብ ሪፖርት ሲነበብስ ስንቶቻችን ቁጭ ብለን ሰማን? መጠየቅ እንደ ድፍረት የሚቆጠርበት ቦታ ላይ ዐደራ አይጠበቅም። የጓሳ ሰው ሣሩን ያቆየው በማመን ብቻ አልነበረም፤ ተራ ገብቶ በመጠበቅም ጭምር ነው።

የመጨረሻው ነጥቤ የመለኪያው ነው። መጋቢ ማለት የሚያበላ ከሆነ የአንድ ደብር ሀብት የሚለካው በጉልላቱ ቁመት አይደለም። የአብነት ተማሪው ዛሬም አኩፋዳ አንግቶ ውሻ እየተከላከለ ቁራሽ ይለምናል። የቅኔ ቤቱ ጎጆ ያፈሳል። ሰሜን ሸዋን ጨምሮ በአማራ ክልል በቅርብ ዓመታት ግጭት ያፈናቀላቸው፣ ትምህርት ቤት የተዘጋባቸው ልጆች አሉ። ከእነዚህ ጎን የቆመ ባለ እብነ በረድ ሕንፃ «ተመስገን» እያለ ነው ወይስ «ስሜ ይጻፍ» እያለ? ለሁሉም ቤት አንድ መልስ የለኝም። ሕንፃም ያስፈልጋል፤ ዕጣኑም ጧፉም ያስፈልጋል። ቅደም ተከተሉን ግን ክፉ ቀን አስተምሮናል። በክፉ ቀን ጎተራው የተከፈተው ድግስ ስለነበረ አይደለም፤ ሰው ስለራበው ነው።

ከሰላ ድንጋይ ገዳም የወጣው ተማሪ ልዑል ንጉሥ ሆነ፤ እናቱም ገዥ ሆነች። የነበራቸውን እህልና መሬት ከማን እንደተቀበሉት አይጠራጠሩም ነበር፤ ከእግዚአብሔር ነው። እኛም አንጠራጠርም። ጭቅጭቁ መቼም በሰጪው ላይ ሆኖ አያውቅም። የተቀበልነው ለማን እንዲደርስ ነው የሚለው ላይ ነው፤ ነጋሹም ቀዳሹም ለዚህ በየዘመናቸው መልስ ሰጥተዋል። አሁን ሲሶ የሚባል ነገር ቀርቷል። መሬቱን የሰጠ ንጉሥ የለም፤ ጥፋቱንም የምናላክክበት ንጉሥ የለም። ሙዳየ ምጽዋቱ ውስጥ ያለው የእኛው ነው፤ ቁልፉን የያዙትም እኛ የመረጥናቸው ወይም ለመምረጥ ያልመጣንላቸው ሰዎች ናቸው።

ስለዚህ በሚቀጥለው ጊዜ ሰው «እንዴት ናችሁ?» ሲላችሁ «እግዚአብሔር ይመስገን» በሉ። መልካም ልማድ ነው፤ አይቅር። ከዚያ በኋላ ግን የአጥቢያችሁ ስብሰባ መቼ እንደሆነ ጠይቁ።

በየአካባቢያችሁ በታማኝነት የተጠበቀ ዐደራ የምታውቁ፣ ደን ይሁን ማኅበር፣ እድር ይሁን የአብነት ትምህርት ቤት፣ በአስተያየት መስጫው ጻፉልን። የተበላው ዐደራ ወሬ በዝቷል፤ የተጠበቀውም ይነገር።